ለሁሴኖ የተነገረው

ጅማ፣ ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ በቀለች፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ተማሪዎቼም ደህና ናቸው፤ ዝናቡ ግን እስካሁን አልተወንም።

«የእናትሽን አርባ ሳታወጪ ምነው ጥለሽን ሄድሽ?» ብለው በአቶ ፍሰሐ እጅ ያስጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ ፈቃድ አምስት ቀን ነበር፤ የቀበሌው የይለፍ ወረቀትም ያንኑ ያህል። ይህ ለሰው የምናገረው ነው። ለእርስዎ ግን የቀረውንም ልንገርዎት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ እኛ ቤት ሠራተኛ ሆና ያሳደገችኝ ጠጂቱ ከጢቾ መጣች። እኔ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ደረቴን ስመታ አገኘችኝና እጄን ያዘችው። «በቃሽ ልጄ። እንባሽን ቆጥቢው። የወለደችሽ ገና በሕይወት አለች» አለችኝ። «ማን?» ብዬ ሳልጨርስ እርስዎ ከበሩ ላይ ሆነው «ጠጂቱ፣ ለእንግዶቹ ውሃ!» ብለው ጠሯት። ሄደች። ወዲያው በጭነት መኪና አሳፍረው እንደመለሷት የሰማሁት ማታ ነው። እርስዎን ዐይንዎን ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ሄድኩ።

እትዬ፣ አባባም እማዬም አልፈዋል። ከዚያ ቤት የቀሩኝ የአባባ ታናሽ እህት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጠጂቱ ምን ማለቷ ነው?

አክባሪዎ ፋናዬ


አሰላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጃችን ለመምህርት ፋናዬ ገብረ መድህን፣

ከጭላሎ ግርጌ ተነሥቶ ወንዝና ገደል የማያግደው ሰላምታዬ ያለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እኛ በአብዮቱ ኃይል እጅግ ደህና ነን። ጉልበቴም በመጠኑ እየተሻለው ይገኛል። የእናትሽ አርባም በክብር ወጥቷል፤ ያልመጣ ሰው አልነበረም።

ጠጂቱን በተመለከተ ልብሽን አታድክሚ። አርጅታለች፣ ሰው ከሰው ታምታታለች። በመኪና የላክኋት እንዳይመሽባት አዝኜላት ነው። አንቺ የተወለድሽው አባትሽ መሬቱን ሊያይ እናትሽን ይዟት ጢቾ በወረደ ጊዜ ነው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ወገቧን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስትወለጂም ፀሐይ እየወጣች ነበር። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም።

እዚህ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ግቡ ተብለን በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር «ሀ ሁ» እላለሁ። ሳቂብኝ።

አክስትሽ በቀለች

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ወይዘሮ በቀለች ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስቀድደውኛል። የተቀደዱት አጫጭር ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ እንጂ ሳልነግርዎት ብቀር ይከነክነኛል። ፍሰሐ)


ጅማ፣ ጥር 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ በቀለች፣

ጤና ይስጥልኝ። «ለገና ሳትመጪ ናዝሬት ምን ወሰደሽ?» ብለዋል። የክርስትና እናቴ ዘንድ ሄጄ ነው።

በደስታ ተቀበለችኝ። እያጫወትኳት ስለ ክርስትናዬ ጠየቅኋት። ሳታስብ ሳቀች። «አንቺማ የሰማንያ ቀን ጨቅላ አልነበርሽም፤ በእግርሽ ተራምደሽ ነው የገባሽው። ሦስት ዓመት ሳይሆንሽ አይቀርም። ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱብሽ ‹አዮ! አዮ!› እያልሽ ጮህሽ። እናትሽ አፍሽን በነጠላዋ አፈነችው» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች።

አዮ በኦሮምኛ እናቴ ማለት መሆኑን እኔም እርስዎም እናውቃለን። እማዬ አጠገቤ ቆማ ሳለ ማንን ነው የተጣራሁት?

ወገቧን ይዤ ነበር ብለዋል። ፀሐይ እየወጣች ነበር ብለዋል። እትዬ፣ ያችን ፀሐይ ከየት አመጧት? ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ የምቆመው እሷ ላይ ነው። ዝም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ፍሰሐ ፊት መናገር ከከበደዎት ፊደል እየቆጠሩ ነው፤ እጠብቃለሁ። በሰው እጅ የተጻፈ አይላኩልኝ።

ፋናዬ


አሰላ፣ መጋቢት 14 ቀን 1973

ፋናዬ ልጄ

የምጽፈው እኔ ነኝ። ራሴ ነኝ። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሉ ከተጣመመ አትሳቂ።

እውነት ነው የሺሃረግ አልወለደችሽም። የሺሃረግ ሦስት ልጅ ቀብራለች። አንቺ የጭሰኛ ልጅ ነሽ። አባትሽ ሁሴኖ ይባላል። እናትሽ ፋጡ። ጢቾ የጋሼ ገብረ መድህንን መሬት ያርሱ ነበር።

ጉዲፈቻ ነው። በአገሩ ወግ ወደው ሰጡን። ሁለቱም ሞተዋል። አትፈልጊያቸው። ጋሼና የሺሃረግ እንደ ዐይናቸው ብሌን አሳድገውሻል። አስተምረውሻል። ይህን አትርሺ።

በቀለች


ጅማ፣ ግንቦት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

እትዬ በቀለች፣

ጽሑፍዎ አላሳቀኝም፤ አስለቀሰኝ። በራስዎ እጅ የጻፉልኝን ሁሉ አምኜ ነበር። «ለፋሲካ ምነው ዝም አልሽ?» ላሉት ግን ዝም ያልኩት የጢቾን መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ለዚያ ቀበሌ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጽፌ ነበር። ቱሳ ይባላል። የሁሴኖ ጎረቤት ሆኖ ያደገ ሰው ነው። የጻፈልኝን ልገልብጥልዎ፦

«ሁሴኖ የሞተው በ1966 ነው። ሚስቱ ፋጡ ደህና ናት፤ ትናንት ገብሷን ስታርም አይቻታለሁ። ጉዲፈቻ ያሉት ነገር አልገባኝም። እኛ ጋ ልጅ በጉዲፈቻ ሲሰጥ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ከብት ይታረዳል፣ አገር ያውቃል፤ ልጁም ሁለቱንም ቤት ያውቃል። ሁሴኖ ልጅ አልሰጠም። አንዲት ልጅ ሞታበታለች። ኡርጌ ትባላለች። ታማ ባላባቱ ለሕክምና አሰላ ወስደዋት እዚያው ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ፋጡ ገበያ ስትወርድ መቃብሯን ትጎበኝ ነበር። እርስዎ የምን ዘመድ ነዎት?»

የምን ዘመድ እንደሆንኩ ለቱሳ ምን ብዬ ልመልስለት?

እንግዲህ እናቴን እርስዎ ገድለው ጻፉልኝ፤ እኔንም ለወላጆቼ ሞተች ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። ማን ነገራቸው? መቃብሩስ የት ነው? በእኔ ፈንታ ማን ተቀበረበት? ይህን ካልነገሩኝ ከእንግዲህ እትዬ አልልዎትም።

ፋናዬ


አሰላ፣ ሰኔ 8 ቀን 1973

ፋናዬ

ሁሉን እጽፋለሁ። ስትጨርሺ የፈለግሽውን በይኝ።

በ1945 ክረምት ነው። ጋሼ ጢቾ ወርዶ ሁሴኖ ቤት ገባ። አንቺ በትኩሳት ተቃጥለሽ ነበር። ጋሼ አዘነ። ይህ እውነት ነው አዘነ። በበቅሎው ላይ ከፊቱ አስቀምጦሽ መጣ። ሁሴኖ ግማሽ መንገድ ልጓም ይዞ ሸኘ። ፋጡ እርጉዝ ነበረች መምጣት አልቻለችም።

ከወር በኋላ ዳንሽ። ያን ጊዜ የሺሃረግ እቅፍ ውስጥ ነበር የምትተኚው። ጋሼ ልመልሳት አለ። የሺሃረግ እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ አለች። እህል ተወች። ጋሼ እንለምናቸው ሲላት ከጭሰኛ ልጅ አልለምንም፣ ነገ ተመልሰው ቢወስዱብኝስ አለች።

ሁሴኖ አንድ ቀን ጠዋት መጣ። ለሐኪሙ ብሎ ማር ይዞ ነበር። ኦሮምኛ አጥርቼ የምናገር እኔ ነበርኩ። ጋሼ ንገሪው አለኝ። ሞታለች አልኩት። በሽታው ይጋባል ተብሎ ዕለቱን ተቀበረች አልኩት። አለቀስኩም። የት ነው አለኝ። ይህን አላሰብንበትም ነበር። ጋሼ ቤታችን ታች ያለውን ባሕር ዛፍ አየ። እኔም አየሁ። የግቢው ውሻ ሞቶ ከሁለት ቀን በፊት እዚያ ተቀብሮ ነበር። አፈሩ አዲስ ነበር። ሁሴኖን ወደዚያ ወሰድኩት።

ተንበረከከ። እጁን አፈሩ ላይ አድርጎ ዱዓ አደረገ። አንቺ ጓዳ ነበርሽ። ድምፁን ሰምተሽ እንዳትጮሂ የሺሃረግ ስኳር ታጎርስሽ ነበር። ሁሴኖ ተነሣና ለልጄ ስለደከማችሁ ፈጣሪ ይክፈላችሁ ብሎ መረቀን። አሜን አልኩ። ማሩን ትቶልን ሄደ።

ጻፍኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው።

በቀለች


ጅማ፣ ሰኔ 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ሰላምታ አልጽፍም።

«ደብዳቤዬ ደረሰሽ ወይ? አንድ ቃል ላኪልኝ» ብለው ቴሌግራም አድርገዋል። ደርሶኛል። አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ ነበር ያነበብኩት። «አሜን አልኩ» የሚለው ላይ ስደርስ ሮጬ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ውሃ አምጥቶ ወባ ነው አለኝ። አዎ አልኩት።

እስካሁን ሰውነቴ ይቀፈኛል። ያን ማር በላችሁት? ጣዕሙ እንዴት ነበር? አፌ ውስጥ ያ ስኳር ያለ ይመስለኛል፤ ሳላስታውሰው ምራቄን እተፋለሁ። የእማዬን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ሣጥኑን ማየት ስላስጠላኝ ከአልጋው ሥር ገፋሁት። ስትሞት ደረቴን የመታሁላት ሴት ናት። የምጠላው የትኛዋን እንደሆነ እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን የምትስመኝም እሷው ነበረች።

አሁን እኔ ደግሞ የማውቀውን ልንገርዎት። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከባሕር ዛፉ ሥር አንዲት ሴት አንዳንዴ ተቀምጣ እናያት ነበር። ዙሪያዋን ድንጋይ ደርድራ ሣሩን ትነቅላለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እማዬን ማን ናት ብላት «እብድ ናት፤ አትቅረቢያት» አለችኝ። አንድ ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር «እብድ! እብድ!» እያልን ወረወርንባት። የእኔው ድንጋይ ትከሻዋን አገኛት። ዞር ብላ አየችኝ። የባላባቱ ቤት ልጅ መሆኔን ለብሴ ከነበረው አወቀች መሰለኝ፣ ብድግ ብላ እጅ ነሳችኝ።

እትዬ፣ እናቴን በድንጋይ መታኋት፤ እሷም አጎንብሳ እጅ ነሳችኝ። እርስዎ ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ነበሩ። አይተዋል። «ግቡ፣ ብርድ ነው» ነው ያሉን።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ በቀጥታ ጢቾ እወርዳለሁ። አሰላ አላድርም።

ፋናዬ


አሰላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1973

ፋናዬ

አይቻለሁ። በረንዳው ላይ ነበርኩ። እውነትሽን ነው።

ማሩን አልበላነውም። የሺሃረግ ለጠጂቱ ሰጠቻት። ጠጂቱም አልበላችውም። የት እንዳደረገችው አላውቅም።

ሂጂ። አልከለክልሽም። ለፋጡ ሁሉን ንገሪያት። እኔ መሆኔንም ንገሪያት። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የውሻውን አትንገሪያት። ለእኔ ብዬ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ምን ላይ እንዳለቀሰች አትወቅ። እኔ ይህን ሳስብ ነው እንቅልፍ የማጣው።

ይቅር በይኝ አልልሽም። በይኝ ብልሽም አትዪኝም።

በቀለች


ጢቾ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1973 ዓ.ም.

እትዬ በቀለች፣

«ነገርሻት ወይ?» የሚለውን ብጣሽ ወረቀትዎን የአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቶኛል። መልሱን መጨረሻ ላይ ያገኙታል። ዘልለው አያንብቡ፤ የፊተኛውንም መስማት አለብዎት።

ቱሳ ጢቾ ተቀብሎኝ በጭቃው አብረን ሄድን። ፋጡ ደጅ ላይ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር። እኔ ኦሮምኛዬ የገበያ ስለሆነ ቱሳ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችውና እንዝርቷን ሳታቆም «ልጄን ቀብሬያታለሁ። መንግሥት ደግሞ ከመቃብር ማውጣት ጀመረ እንዴ?» አለችው። ሌላ ወንድ ልጇን ለዘመቻ ሊጠይቋት መስሏት ነበር። አንዱ ልጇ ሚሊሺያ ሄዶ ጅጅጋ ቀርቷል። «ሌላ የምሰጠው የለኝም፤ ይዘሃት ሂድ» አለች። ያን ቀን ቱሳ ቤት አደርኩ።

በማግስቱ ጠጂቱ ተጠርታ መጣች። ቁጭ ሳትል ነው የተናገረችው። «ፋጡ፣ ባልሽ የመጣ ቀን ስኳር ሲያጎርሷት የጓዳውን በር ገጥሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህች ኡርጌ ናት። ብዋሽ አፈር ልብላ» አለች። ፋጡ ተነሥታ በጥፊ መታቻት። ጠጂቱ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ፋጡ ራሷ ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

እኔን አላቀፈችኝም። ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እጄን ገልብጣ አየችው። «ሥራ የነካው እጅ አይደለም» አለች ለቱሳ። ከዚያ «ሁሴኖ ሲሞት እሷ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎ ነበር። መንገዱ ራቀንና እዚህ ቀበርነው። ይህንን ስጸጸትበት ነው የኖርኩት» አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ ነው።

ስሜን ጠየቅኋት። ስሜ የለም። እኔ በተወሰድኩ ጊዜ በሆዷ የነበረችው ሴት ስትወለድ ኡርጌ ብላ ስሜን ለእሷ ሰጠቻት። ኡርጌ አሁን ሲሬ ሄዳ አግብታ አራት ወልዳለች። ቱሳ «ታዲያ ይህችን ምን እንበላት?» ሲላት፣ ፋጡ «ያሏትን» አለች።

እማዬ «ነገ ቢወስዱብኝስ» ብላ ነበር አይደል? በሦስተኛው ቀን ፋጡ እየፈተለች እንዲህ አለችኝ፦ «የሺሃረግ ሦስት መቅበሯን ሰምተን ነበር። ታሳዝነን ነበር። እኔ አራት ነበሩኝ፣ አምስተኛው በሆዴ። ሽማግሌ ልካ በጉዲፈቻ ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር። አንቺም ሁለት እናት ይኖሩሽ ነበር። ለምን አልጠየቁኝም?»

አንቺን መለመን አሳፍሯቸው ነው፣ መዋሸቱ ግን አላሳፈራቸውም ልበላት? ወደ ውጭ ወጥቼ ቆየሁ።

ድንጋዩንም ነገርኳት። ትከሻዋን የመታኋት እኔ መሆኔን። አላስታወሰችውም። «ብዙ ልጆች ይወረውሩ ነበር» አለች።

አሁን የጠየቁኝ ላይ ደረስኩ። ትናንት ጠዋት እንጨት እየሰበርን ሳለ ድንገት ቀና አለችና «ታዲያ እዚያ የነበረው ማን ነው?» አለችኝ። ያለ ቱሳ ገባኝ። እየመጣሁ መንገድ ሙሉ እነግራታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ሁሉን፣ ውሻውንም። ከዚህ በኋላ አንዲትም ውሸት በመካከላችን እንዳትገባ። አፌን ስከፍት ግን «ማንም የለም። ባዶ አፈር ነው። ሁሴኖ እንዳይጠረጥር አባባ ገብረ መድህን በአካፋ ቆፍሮ መልሶ ደለደለው» አልኳት።

አካፋውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አልተንተባተብኩም፤ ድምፄም አልተለወጠም። እሷም አመነችኝና እንጨቷን መስበር ቀጠለች። እኔ ቆሜ የገዛ ገላዬ ሸተተኝ። ያን ቀን ሁሴኖ ፊት ቆመው እንዴት ቃል እንዳልጠፋዎት ገባኝ። ምንም አይከብድም። በቤታችሁ ያደግሁ ልጅ መሆኔን እንደዚያች ደቂቃ አውቄው አላውቅም።

በመስከረም፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አሰላ ልትመጣ ነው። የደረደረቻቸውን ድንጋዮች ልታነሣ ትፈልጋለች፤ «ባዶ ቦታ ላይ ምን ያደርጋሉ» አለች። አብሬያት እመጣለሁ። ስለ እርስዎም ጠይቃኛለች፤ የት እንደሚኖሩ ታውቃለች።

እለምንዎታለሁ፣ ያን ቀን በርዎን ዘግተው ይቀመጡ። ብታንኳኳም አይክፈቱ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እውነቱን ይንገሩኝ እያልኩ የጨቀጨቅሁዎት እኔው ነኝ። አሁን ግን እርስዎ መዋሸት ትተዋል፤ ፊቷን አይተው ይነግሯታል ብዬ ፈራሁ።

ፋናዬ